ከመርሳ ወደ ወልድያ የላክኋቸው ትእዛዞች

ባለፈው ሰሞን ከወልድያ መናኸሪያ ወደ ልጄ ቤት በባጃጅ ስሄድ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «እማማ፣ ጡረታ ወጥተዋል?» አለኝ።

«ወጥቻለሁ።»

«ምን ይሠሩ ነበር?»

ሳላስበው፣ «ትእዛዝ እልክ ነበር» አልኩት።

«ትእዛዝ? ሹም ነበሩ እንዴ?»

«ኧረ ወዲያ! ለሰው አይደለም፣ ለማሽን ነው።»

«ማሽኑስ ይታዘዛል?»

«ካንተ ባጃጅ ይሻላል» አልኩት፤ ይህን ስንባባል ዳገቷ ላይ ሞተሯ ጠፍታብን ነበርና። እየሳቀ ወርዶ ሲገፋ እኔም ወርጄ አብሬው ገፋሁ። ቤት ስደርስ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ሥራዬን ለሰው ስናገር ቀልድ ይመስላል። እስቲ ልጻፈው አልኩ። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ በዋርካ ሥር ነው። ቃሌ ቢንጋደድ አንባቢ ያቃናልኝ። ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፣ ይዞራል፤ አንድ ሳምንት ወልድያ፣ አንድ ሳምንት መርሳ፣ አንድ ሳምንት እህቴ ዘንድ ሀብሩ ገጠር ነው የምውለው። ልጆቼ «እናታችን አውቶቡስ ሆነች» ይሉኛል። ይበሉ። አውቶቡስ ባዶውን አይሄድም፣ ወሬ ይጭናል።

ሥራ የጀመርኩት ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ነው። ያኔ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ቆሎ እሸጥ ነበር። አንድ የመንግሥት ቢሮ ጽዳት ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ፤ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ከበረሃ የመጣ ታጋይ ነው። ጠዋት ስደርስ መጥረጊያውን ይዞ ወለሉን ሲጠርግ አገኘዋለሁ።

«ኧረ ጓድ፣ ይሄ የኔ እንጀራ ነው» እለዋለሁ።

«በረሃ ሁላችንም ነበር የምንጠርገው» ይለኛል።

«በረሃ ደሞዝ አልነበረማ! አምጣው» ብዬ እነጥቀዋለሁ። ደግ ሰው ነበር። ደሞዜስ? ደሞዜ ከጤፍ ዋጋ ጋር ሩጫ ገጥሞ አንድ ቀን ቀድሞት አያውቅም፤ ይኼው ነው ወሬው።

ቀጥሎ ሲሪንቃ መንገድ ዳር አንድ ችግኝ ጣቢያ ተዛወርኩ። የማንጎና የፓፓያ ችግኝ ውሃ ማጠጣት ነው ሥራው። እዚያ ያለችው ኃላፊ ችግኝ ትቆጣ ነበር፤ «አንቺ ሰነፍ፣ ጓደኞችሽ ቅጠል አውጥተው አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» ትላለች። መጀመሪያ ስቄባት ኋላ እኔም ለመድኩት። ችግኝ ከሰው የሚለየው ሲቆጡት አለማኩረፉ ነው። እዚያ ነው የገባኝ፦ ውሃ ዛሬ ያጣ ችግኝ ነገ ባሕር ቢያጠጡት አይመለስም። ከዚያ ወደ መርሳ መጣሁ፤ ዋናው ወሬዬ የመርሳው ነው።

መርሳ እንደ ደረስኩ እዚያም የግብርና ቢሮ ጽዳት ነበርኩ። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ሰው የማይጎዳ፣ ግን ሪፖርት የሚፈራ ሰው ነው። የበላይ አካል የሚል ቃል ሲሰማ ክራቫቱን ይነካል። ከሚሌኒየሙ በኋላ ቢሮው ኮምፒውተር መጣለት። ላስቲኩ ሳይገለጥ ብዙ ከረመ። እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ሰዉ ዞሮ ያልፋል። ኋላ የኮምፒውተር ባለሙያው አቶ ጌታሁን መጣ።

አቶ ጌታሁንን «መጣ» ያልኩት ለወሬ ነው እንጂ እኔ አንቱ እለው ነበር። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ በዚህ የተነሳ እሱም አንቱ ይለኛል። እኔ አስተማሪዬ ነው ብዬ አከብረዋለሁ፣ እሱ እናቴን ያክላሉ ብሎ ያከብረኛል። አብረን በር ላይ ከደረስን የምንገባው ሦስተኛ ሰው መጥቶ ሲገፋን ነው። ሰዎች ይስቁብን ነበር። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ነው። በወጣትነቱ የሬድዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበር፤ ንግግሩ ሁሉ የተላከ መልእክት ይመስላል። አጭር፣ ጥርት ያለ። ተናግሮም መልስ እስኪያገኝ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

የመጣው ለውሃ ተራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርሳ ወጣ ብሎ አንድ ቦይ አለ፤ ከወንዙ ተጠልፎ ሽንኩርትና ማንጎ ያጠጣል። በቦዩ ራስጌ ያሉትን ላይኞች፣ ግርጌ ያሉትን ታችኞች እንላቸዋለን። ውሃው ለሁለቱ አንድ ላይ አይበቃም፣ በተራ ነው። ተራውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ይባላል፤ በዚያን ጊዜ አያ ሙሄ ነበሩ። ድሮ አያ ሙሄ ጠሪ ልከው ከጉብታው ላይ «ነገ የታች ነው! ላይኞች ዝጉ!» ያስብሉ ነበር። ላይኞች ደግሞ «ነፋስ ነበር፣ አልሰማንም» ብለው ይከፍቱታል። ነፋሱም ሁሌ ለላይኞች ያደላል። ጠብ ነው፣ ሽምግልና ነው፣ ዱአ ነው፣ ተመልሶ ጠብ ነው።

እናም በዚያ በጋ እንሞክር ተባለ፤ ማሽን ለእያንዳንዱ ገበሬ ስልክ ደውሎ ተራውን ይንገር። ብዙው ሰው አያነብም፣ በድምፅ ይሁን። መጀመሪያ የአንድ የከተማ ልጅ ድምፅ ቀረጹ። አያ ሙሄ ሰምተው፣ «ይቺ ልጅ ዜና ታነባለች እንጂ ሰው አትጠራም» አሉ። አቶ ጌታሁን ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። መወልወያ ይዣለሁ።

«እትዬ ዘይነባ፣ አንቱ ይሞክሩት።»

ቀረጹኝ። «የቦዩ ሰዎች እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ? ነገ የውሃው ተራ የታች ነው። ላይኞች፣ በሞቴ፣ በጊዜ ዝጉ» አልኩ። አያ ሙሄ፣ «ይሄ ነው! ይቺን እምቢ የሚል ሰው እናት የለውም» አሉ። እንዲህ ሆኜ የቦዩ ድምፅ ሆንኩ። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ስጠይቅ ነጋዴው ቀና ብሎ፣ «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ይለኝ ነበር።

ድምፁ ይቀረጽ እንጂ ማን ይላከው? አቶ ጌታሁን ለሁለት ወረዳ አንድ ሰው ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ቀን ወንበሩን ስቦ፣ «ይቀመጡ» አለኝ።

«እኔ? እንግሊዝኛ አላውቅ!»

«ለእንግሊዝኛው እኔ አለሁ። አንቱ አማርኛውን ያንብቡ።»

ስክሪኑ ላይ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ከፈተ። በግራ ነጭ ገጽ ነው፤ ኤዲተር ይሉታል፣ መጻፊያና ማረሚያ። በቀኝ ጥቁር መስኮት ነው፤ ተርሚናል ይባላል። ትእዛዝ የሚቀበለው ጥቁሩ ነው። ጥቁሩ መርሳ ላይ ይታያል እንጂ ነፍሱ ያለችው ወልድያ ነው፤ ጄኔሬተር ባለው ቢሮ፣ ስልክ በሚደውለው ማሽን ውስጥ። እዚያ ማሽን ላይ ቲመክስ የሚሉት ፕሮግራም አንድ ክፍል ከፍቶ ይጠብቃል፤ ክፍሉን ሰሽን ይሉታል። እዚህ መብራት ቢጠፋ፣ መስመሩ ቢበጠስ፣ ክፍሉ አይዘጋም። የታዘዘውን እየሠራ ይቆያል፤ ስትመለሺ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። የኛን መብራት ለሚያውቅ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

«ታዲያ ለምን ጥቁሩ ላይ በቀጥታ አንጽፍም?» አልኩት።

«እዚያ የተጻፈ ይፈሳል። እዚህ ነጩ ላይ የተጻፈ ይቀመጣል። ዛሬ ያረምነው ለነገም ይሆነናል። እኛ መስመሯን መርጠን ወዲያ መላክ ብቻ ነው።»

ከእያንዳንዷ የእንግሊዝኛ ትእዛዝ በላይ መሰላል የምትመስል ምልክት አድርጎ በአማርኛ ጻፈልኝ፦ «ይህች ለታችኞች ትደውላለች»፣ «ይህች ለላይኞች ትደውላለች»፣ «ይህች የተደወለላቸውን ታሳያለች»። «መሰላሏ ያለችበትን መስመር ማሽኑ አያነበውም፣ ለአንቱ ነው» አለኝ። ለኔ ብቻ የተጻፈ ነገር በማሽን ውስጥ ሳይ፣ ወላሂ፣ እንግዳ ሆኜ ሄጄ መደብ እንደተነጠፈልኝ ነው የቆጠርኩት።

ቁልፎቹ ላይ ፕላስተር ለጠፈ። አረንጓዴዋን ስጫን መስመሯ ከነጩ ተነስታ ወደ ጥቁሩ ትሄድና ደጃፉ ላይ ትቆማለች፤ ገና አልታዘዘችም። ቀዩ ኢንተር ነው፤ እሱ ሲነካ ሥራው ይጀመራል፣ መመለሻ የለውም። «ይላኩ፣ ይዩ፣ ከዚያ ይዘዙ» ይለኝ ነበር። ከመላክ በፊት ደግሞ ደጃፉ ይጠረጋል፤ ከትናንት የተረፈ ግማሽ ቃል ቆሞ ካለ፣ አዲሷ መስመር እሱ ላይ ትለጠፍና ሁለቱም ይበላሻሉ። ይቺን ለማስተማር አልደከመም። ሳልጠርግ ውሃ የማልደፋ ሴት ነኝ።

የራሱ ደንብም ነበረው። አረንጓዴዋን ከተጫነ በኋላ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። «ጣት ይቸኩላል፣ ዓይን ይዘገያል» ይላል። እጁን እንዳጣመረ መስመሯን በከንፈሩ ያነባታል፤ ቀና ይላል፤ ከዚያ አንዲት ጣት ብቻ አውጥቶ ቀዩን ይነካል። እኔም ለመድኩት። ማጀት እንኳ ጨው ከመጨመሬ በፊት እጄን ወደ ኋላ ሳደርግ ልጆቼ ይይዙኛል።

መጀመሪያ ለብቻዬ ስቀመጥ የሠራሁትን ልናገር። ሰው ቤት ሰላም ሳይሉ አይገባም። ስለዚህ ነጩ ላይ «አሰላሙአለይኩም» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ፣ ቀዩን ነካሁ። ጥቁሩ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ወረወረልኝ። አቶ ጌታሁንን ጠራሁት።

«ምን አለኝ?»

አየና ከንፈሩን ነከሰ። «‹የምትዪውን አላውቀውም› ነው ያለው።»

«ባለጌ! ሰላምታ የማያውቅ!»

ሳቀ፣ ግን ነገሩን አልናቀውም። በማግስቱ ሰላምታዬን ስልክለት ጥቁሩ፣ «ወአለይኩሙሰላም፣ እዚህ የቦዩ ክፍል ነው» ብሎ መለሰልኝ። አቶ ጌታሁን አስተምሮት ነው። «የሬድዮ ሕግም ይኸው ነው» አለኝ፤ «መጀመሪያ መጥራት፣ ማን እንደሆነ መስማት፣ ከዚያ መናገር። ወልድያ ብዙ ክፍል አለ፤ ይሄን መልስ ካልሰሙ ሌላ ሰው ቤት ነው የገቡት።» ከዚያ ወዲህ ሰላም ሳልል ልኬ አላውቅም።

እንዲህ እያልን ሥራው ቀና። ታችኞች መጀመሪያ አላመኑም ነበር፤ ያሳመነቻቸው ጦይባ ናት። ጦይባ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የተሳለ፣ እጇ የማያርፍ ገበሬ ናት። በስብሰባ ተነስታ፣ «እኔ ማሽን አላምንም፤ ዘይነባን ግን አምናለሁ። ሽንኩርቴን በእሷ ድምፅ እተክላለሁ» አለች። ተከለችም። ያን በጋ ያላትን ሁሉ ሽንኩርት ላይ ነው ያዋለችው። አያ ሙሄም ለሁለቱም ወገን ቃል ሰጡ፦ ስልኩ አንድ በጋ ተራ ካላዛባ ይቀጥላል፤ ካዛባ ወደ ጠሪው እንመለሳለን። ወደ ጠሪው መመለስ ማለት ወደ ነፋሱ መመለስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

መካከል ላይ አቶ ጌታሁን ወደ ወልድያ ተዛወረ። አልቅሼ ልሸኘው ስል፣ «የት ሄድኩና? ክፍሉ አንድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ ከወልድያ፣ እኔ ከመርሳ ያንኑ ጥቁር መስኮት እናያለን። እኔ የምልከው እዚያ ይታያል፣ እሱ የሚነካው እዚህ ይታያል። አንዳንዴ ደጃፉ ተጠርጎ ሳገኘው «መምህሬ ገብተዋል» እላለሁ። አንድ መሶብ ከሁለት ከተማ እንደመብላት ነው።

ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ታችኞች ሽንኩርቱን ገና ከችግኝ መደብ አንስተው ማሳ ላይ ተክለውታል። አዲስ የተተከለ ሽንኩርት በዚያ ፀሐይ የውሃ ጥም አይታገሥም። አያ ሙሄ ተራውን ለወጡ፤ ታችኞች በተከታታይ ያጠጡ፣ ላይኞች ይዝጉ አሉ። ስልኩ ከተጀመረ ወዲህ ተራ ሲለወጥ የመጀመሪያው ነው። አዲሷን ትእዛዝ አቶ ጌታሁን ጻፋት፣ አዲሱን ቃል እኔ ተናገርኩ። ሰላም አልኩ፣ ክፍሉ መለሰልኝ። አረንጓዴዋን ተጫንኩ። መስመሯ ሄዳ ደጃፉ ላይ ቆመች። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ አነበብኩ፤ ቀና ናት።

ቀዩን ልነካ ስል መምህሬ ክፍሉ ውስጥ መሆኑ ታየኝ። የቃሉ መነሻና መድረሻ ላይ ብልጭ የምትለዋን የመጻፊያ ምልክት ወዲያ ወዲህ ያደርጋታል፤ እሱም እያነበበ ነው። እንግዲህ አዲስ ነገር ነው፣ የጻፈው እሱ ነው፤ እሱ እያለ እኔ ቀድሜ ልዘዝ? ይሄ ነውር አይደለም? ይጫናት ብዬ ተውኩለት። ወንበሩን በቀስታ ገፍቼ ወደ ዙሁር ሶላቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ገና ቢሮው ሳይከፈት ጦይባ ደጁ ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ከማሳው የነቀለችው የሽንኩርት ችግኝ አለ፤ እንደ ክር ተልፈስፍሷል።

«ዘይነባ፣ ላይኞች ዛሬም ከፍተውታል። ‹ዝጉ ያለን የለም› ይላሉ። ድምፅሽ የታለ?»

«ልከናል እኮ!»

«የላክሽው የት ደረሰ? የኔ ማሳ ከሰዓት በኋላ ካልጠጣ አበቃለት። እኔም አበቃልኝ።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጥቁሩ መስኮት ላይ መስመሯ ትናንት እንደቆመች ቆማለች። መጨረሻዋ ላይ ምልክቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ለወልድያ ደወልኩ።

«መምህሬ፣ ኢንተርን አልተጫኑም?»

«አንቱ… አልተጫኑም?»

«አንቱ አሉ ብዬ!»

«እኔም አንቱ አሉ ብዬ! ድምፁ የአንቱ፣ ቦዩ የአንቱ አገር፤ እኔ ወልድያ ተቀምጬ እንዴት አዛለሁ? እጄን አጣምሬ ስጠብቅ ቆየሁና ስብሰባ ጠሩኝ።»

ጦይባ ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችብንም፤ ችግኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። ከጩኸት ይልቅ ያ ነው የጎዳኝ።

አቶ ደምሴ ሲደርስ ክራቫቱን ይዞ ነው። «ይሄ ግምገማ ያስነሳል! አገልግሎቱ ይቁም። ለበላይ አካል እኛው ቀድመን እናሳውቅ» አለ። አቶ ጌታሁን በመጀመሪያው ሚኒባስ ከች አለ፤ ሲገባ ከኔ ቀድሞ ጦይባን ነው ይቅርታ የጠየቀ። ጥቂት ቆይተው አያ ሙሄ በትራቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ቃላቸውን ለሁለት ወገን የሰጡ ሰው ናቸው።

«እህ፣ ማሽኑ ዋሸን?» አሉ።

«ማሽኑ አልዋሸም፣ አያ» አለ አቶ ጌታሁን። «የታዘዘ ነገር የለም። እኔ እትዬ ዘይነባን ጠበቅሁ፣ እሳቸው እኔን ጠበቁ።»

«ለምን?»

«አክብረን።»

አያ ሙሄ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣ ሳቅ ሳቁ፤ ጥምጣማቸው ግንባራቸው ላይ ወረደ። «ያ ረቢ! ብረቱንም ወሎዬ አደረጋችሁት!» አሉ። ጦይባ ሳትወድ በግድ ፈገግ አለች፣ ወዲያው ግን፣ «አያ፣ ሳቁ አይጠጣም» አለች።

«እውነትሽን ነው» አሉና ጥምጣማቸውን አቀኑ። «አሁን ስሙኝ። ለላይኞች ዝጉ የሚል ቃል አልደረሳቸውም፤ ስለዚህ ዛሬ ውሃው የእነሱ ነው። ላዛቸው አልችልም፤ ካዘዝኩ ያዳላሁ እሆናለሁ። መለመን ግን ይቻላል። ዘይነባ ትለምን። ከሰጡ ሰጡ። ካልሰጡ፣ ጦይባ፣ ቃሌን አጥፍቻለሁ፣ ስልኩም ይቅር።»

አቶ ደምሴ፣ «ልመና በደንቡ ውስጥ አለ ወይ?» ሲል አቶ ጌታሁን ቀድሞ ማይክራፎኑን አቅርቦልኝ ነበር። ምን እንደምል አላሰብኩም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ችግኝ እያየሁ ተናገርኩ፦

«የላይ ሰዎች፣ እንዴት ዋላችሁ፣ ዘይነባ ነኝ። ትናንት ዝጉ ልላችሁ ነበር፣ እኔና አቶ ጌታሁን ‹ይቅደሙ፣ ይቅደሙ› ስንባባል ሳንነግራችሁ ቀረን። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ውሃው የናንተ ነው። የታች ሽንኩርት ግን አንገቱን ደፍቷል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ውሃ ስጡልኝ። በእናት ጡት ይዣችኋለሁ። አላህ በማሳችሁ ይካሳችሁ፣ ድንግል ትካሳችሁ።»

አቶ ጌታሁን ነጩ ገጽ ላይ አዲስ መስመር ጻፈና ከላይዋ በመሰላሏ፣ «ይህች ላይኞችን ትለምናለች» ብሎ በአማርኛ ጨመረባት። ከወንበሩ ተነሳልኝ። ደጃፉ ላይ የቆመችውን የትናንት መስመር ጠረግኋት። ሰላም አልኩ፣ ክፍሉ መለሰልኝ። አረንጓዴዋን ተጫንኩ፤ አዲሷ መስመር ሄዳ ቆመች። እጄን አጣመርኩ፣ አነበብኩ። ማንንም ዞሬ አላየሁም፤ ቀዩን ነካሁት።

ጥቁሩ መስኮት መጥራት ጀመረ፤ አንድ ስልክ፣ ሌላ ስልክ። ገና ጥቂት እንደደወለ መብራት ጠፋ። ስክሪኑም አብሮ ጠፋ።

«አለቀ!» አለ አቶ ደምሴ።

«አላለቀም» አለ አቶ ጌታሁን። «የጠፋው የኛ መብራት ነው። ክፍሉ ወልድያ አለ፣ ሥራውን ይሠራል።»

«በምን ታውቃለህ?»

«ለዚህ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት።» ይህን ብሎ ግን እሱም የተጣመረ እጁን ሲያሻሽ አየሁት።

«እዚህ ጨለማ ስክሪን ላይ ከምናፈጥ ቦዩ ዘንድ እንሂድ» አሉ አያ ሙሄ። አቶ ደምሴ ሳይቀር በባጃጅ ተጫንን። ለስንት ሰው የተሠራች ናት ብሎ የጠየቀ የለም።

ታች ስንደርስ ቦዩ ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። የጦይባ ሽንኩርት ባለበት ረድፍ ሁሉ አጎንብሷል። ታችኞች በየማሳቸው ዳር ቁጭ ብለዋል፣ ሰላምታችንን በግማሽ አፍ መለሱልን። ጦይባ ከማሳዋ ራስጌ ዶማዋን ይዛ ቆማ ወደ ላይ ታያለች። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አጠገቧ ሄጄ፣ «አብሽሪ» አልኳት። ዶማዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

የአያ ሙሄ ስልክ ጮኸ። ቤታቸው ላይ በኩል ነው፣ ስልካቸውም ከላይኞች ጋር ነው የተመዘገበው። አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት፣ ዓይናቸው ወደኔ ዞረ።

«አቤት። ደህና ዋልሽ» አሉ። «እሺ። … እሺ፣ ሰማሁ። … አሚን!»

«አያ፣ ቀረጻ እኮ ነው፣ አይሰማዎትም» አለ አቶ ደምሴ።

«ዝም በል፣ እየለመነችኝ ነው!» ብለው ጮኹበት። አቶ ጌታሁን ሰማዩን አየና ተነፈሰ፤ ክፍሉ አልተዘጋም፣ ማሽኑ ገና እየደወለ ነው።

ደወለ እንጂ፣ ሰጡ አልተባለም። ጠበቅን። አንዱ ታችኛ፣ «ላይኛ ውሃ ሰጠ ብሎ ያወራ ሰው አያቴም አላየ» አለ። ሌላው፣ «አያትህ ስልክ ነበረው?» አለው።

መጀመሪያ የሰማነው ጫጫታ ነው። ከመታጠፊያው ላይ ሰዎች እየተጣሩ ይመጣሉ። ለጠብ የመጡ መሰለኝ፤ ዶማና አካፋ ትከሻቸው ላይ አለ። ቀጥሎ ውሃው ታየ። የደረቀ ቅጠልና አረፋ በአፉ እየገፋ፣ የቦዩን ስንጥቅ እየሞላ፣ እንደ ከብት መንጋ አቧራ አስነስቶ መጣ። ላይኞች ግራና ቀኝ አብረውት ይሮጣሉ፤ ደለል የዘጋበትን ቦታ በዶማ እየከፈቱለት፣ እንዳይባክን ዳሩን እየደፈኑለት ነው። ፊት ፊት የሚሮጠው ጎልማሳ ከሩቅ አየኝ።

«እትዬ ዘይነባ! በጡት ይለመናል? ሚስቴ ስልኩን እንደሰማች መክፈቻውን ራሷ ሄዳ ዘጋችው እኮ! ‹የሴትዮዋን ድምፅ ሰምተህ ብትከፍት ቤት አትግባ› አለችኝ!»

ታችኞች ተነሱ። ሳቅ ነው፣ እልልታ ነው። ጦይባ ዶማዋን አንስታ የማሳዋን አፍ በአንድ ምት ከፈተችው። ውሃው ዞሮ ገባ፤ በመጀመሪያው መስመር ሄደ፣ በሁለተኛው ሄደ፣ መሬቱ ሲጠጣ ድምፁ ይሰማል። እሷ መስመር ለመስመር እየሮጠች ታስገባዋለች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ወጣ። አቶ ጌታሁን ሱሪውን ሰብስቦ ከአንድ ላይኛ አካፋ ተቀብሎ ገባ። አቶ ደምሴ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

እኔ ዳር ቆሜ ነበር። ጦይባ ከማሳው መሀል ቀና ብላ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች፣ ግንባሯ የባሰ ጭቃ ሆነ።

«ዘይነባ!» ብላ ተጣራች። «ድምፅሽ ደርሷል፤ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? ጫማሽን አውልቂና ግቢ!»

አወለቅሁ፣ ገባሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።